የአሉባልታ ካርድ

መስከረም 18

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለሚጢጢ፤

አስቀድሜ ያንቺን ጤና፣ ቀጥዬ የእናትሽን ጤና እጠይቃለሁ። የእኔን ብትጠይቂ ከግራ ጉልበቴና ከሁለቱ ዓይኖቼ በቀር ሁሉም በየቦታው ነው። "ሚጢጢ" ስልሽ አትቆጪ። መጨረሻ ያየሁሽ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማደግሽን በወሬ ነው የሰማሁት። አድራሻሽን በስንት ልመና እንዳገኘሁት ባወቅሽ! ከማን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ፣ ላልናገር ምያለሁ።

ለምን አይደውልም ትይ ይሆናል። ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ባይከዳኝም ስልክ አልወድም። አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። በስልክ አራት ነጥብ አይሰማም፤ ሰው መጨረሱንና አለመጨረሱን በምን አውቃለሁ?

የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛ፣ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ እንደምትሞርጂ ሰምቻለሁ። የተሰበረ መነጽሬን አብሬ ልኬልሻለሁ። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ ገብቼ ባዶ ወንበር ለምስል የተቀመጠ ሰው መስሎኝ ሰላም ብያለሁና ነገሩ አይዋል አይደር።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ ደስ ይበልሽ፣ የቃላት መጽሐፌ ሊታተም ነው! ሠላሳ አምስት ዓመት በትንንሽ ካርድ ስለቅመው የኖርኩት። የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ በኮምፒውተር እየተየበችው "ሰ" ላይ ደርሳለች። "አ" ላይ ስትደርስ ግን አንድ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ ይቆያታል። ቃሉ "አሉባልታ" ነው። ፍቺው አላስቸገረኝም፤ ባለቤት የሌለው ወሬ ማለት ነው። ያስቸገረኝ መነሻው ነው። ግማሹ ግልጽ ነው፣ "አሉ" ነው። ማን አለ? አሉ። የቀረው "ባልታ" ግን ከየት መጣ? አያትሽ ቃሉን ከአፏ አትለየውም ነበር። በምን ጊዜ፣ እንዴት አድርጋ ትለው እንደነበር ከእኔ ይልቅ እናትሽ ታስታውሳለች።

ታዲያ ለምን ራስህ አትጠይቃትም ካልሽኝ፣ እናትሽ ካናገረችኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ምክንያቱን በትክክል አላውቅም። የልብስ ስፌት መኪናዋን ተውሼ የመጽሐፍ ጥራዝ ስሰፋበት መርፌውን ሰብሬያለሁ፤ ከእሱ ሌላ የሠራሁት በደል ትዝ አይለኝም። አንድ ፓኬት መርፌ ገዝቼ በሯ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ዘጋችብኝ። ፓኬቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መጽሐፉ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእሷ በእጄ ብሰጥ ብዬ እመኛለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺም ለማንም አትንገሪ።

ዓይንሽ አይድከም።
አጎትሽ አራሚው

ጥቅምት 25

ለአጎቴ ለአራሚው፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ ልጻፍ ብል የእርስዎን ካርዶች ሁሉ መጨረሴ ነው። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ግን አንድ ክስ አለኝ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ መቀጠልዎን ምን የሚያመለክት ነገር አለ? ምንም! "ከእኔ ይልቅ እናትሽ ታስታውሳለች" የሚለው ላይ አበቃ ብዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሦስት ቀን በኋላ እስክሪብቶ ስፈልግ ተገልብጦ አገኘሁትና ዋናው ነገር እዚያ ተቀምጧል። ወረቀት መቆጠብዎን አደንቃለሁ፤ ሰው መቆጠብዎን ግን እንጃ።

መነጽሩን በሥራ ቦታዬ መለኪያ ማሽን ላይ አስቀመጥኩት። የሥራ ጓደኞቼ ቁጥሩን አይተው "ይህ ሰውዬ ጨረቃን ነው የሚያነበው?" አሉኝ። ሌንሱን ራሴ ሞርጄ፣ ራሴ ወልውዬ፣ አዲስ ፍሬም ላይ ገጥሜዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል።

አሁን ስለ እማዬ። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ አሁንም መቀሷን አላስቀመጠችም። ሳሎናችን የጎረቤት ሁሉ መጋረጃ መታጠፊያ ሆኗል። የእርስዎ ነገር ሚስጥር ሆኖ እንዲቆይ አስቤ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። የአሮጌው መነጽር እጀታ በክር ታስሮ የለ? ጠረጴዛ ላይ ትቼው ኖሮ አንስታ ቋጠሮውን አየችው።

"ይህ የመጽሐፍ ጠራዥ ቋጠሮ ነው" አለች።

መነጽሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

"ሲቋጥርም አንድ ዙር ያበዛል። አልተወውም ማለት ነው።" ይህን ብላ መጋረጃዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች።

እኔም ዕድሌን ልሞክር ብዬ እንደ ፈተና ጠየቅኋት። "እማዬ፣ ወሬ ምንድን ነው?" "ባለቤት ያለው ነገር።" "ጭምጭምታስ?" "ገና ያልበሰለ ወሬ።" "ሐሜትስ?" "አንቺ ስትወጪ ስለ አንቺ የምንጀምረው።" ሳቅን። "አሉባልታስ?" ስላት መቀሱ ጨርቁ መሐል ላይ ቆመ። "እሱን ከእኔ ይልቅ ያ ወንድሜ ያውቀዋል" አለችኝ። ሌላም አንድ ነገር ጨመረች፤ እሱን ግን እዚህ አልጽፈውም።

እጅዎን እስማለሁ።
ሚጢጢ (አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ግድ የለም)

ኅዳር 14

ለዓይኔ ብርሃን፣ ይህ አባባል ከዛሬ ጀምሮ ቃል በቃል እውነት ነው፤

መነጽሩ ደረሰ! አድርጌው ግድግዳዬን ባየሁት ጊዜ ሸረሪት አብራኝ ስትኖር ዓመታት እንዳለፉ ተረዳሁ። በመስተዋትም ራሴን አየሁ፤ ለዚህ እንኳ ምስጋናዬ ግማሽ ነው። በዚያው ሰሞን የተተየበውን ገጽ ሳነብ ዘጠኝ ስሕተት አገኘሁና ጸሐፊዋ መነጽሩን የላከልኝ ሰው ማን እንደሆነ በቁጣ ጠየቀችኝ።

ቋጠሮዬን አወቀችው አልሽኝ? ያን መስመር አራት ጊዜ አነበብኩት። ለማረም አይደለም።

የቃሉን መነሻ ፍለጋ ቀጥያለሁ። የማተሚያ ቤታችንን የቀድሞ ጠራዥ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። "ይሄማ ቀላል ነው፣ ባልታ ማለት ባልቴት ነው። ባልቴቶች የሚያወሩት ማለት ነው" ብሎ ጢሙን ጠረገ። ማስረጃህ ምንድን ነው አልኩት። "ሰው ሁሉ ይላል" አለ። የአሉባልታን መነሻ በአሉባልታ ሊያስረዳኝ ነው! እኔ ያልተረጋገጠ ነገር መጽሐፍ ውስጥ አላስገባም። ብቻ እናትሽ ምን ትላለች?

አሁን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ያልጻፍሽው ነገር ምንድን ነው? አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ከስሕተት ይልቅ የጎደለ መስመር ነው የሚያስጨንቀኝ። ጻፊልኝ ልጄ። ለመርፌው ከሆነ ተበሳጭታ የተናገረችው፣ እንደ መርፌ ይውጋኝ፣ እችለዋለሁ።

ደህና ሁኚልኝ።
አጎትሽ

ጥር 9

ለአጎቴ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይኸው በአራተኛው።

መርፌ አይደለም። እማዬ ያን ቀን የጨመረችው እንዲህ ብላ ነው፦ "ያ ወንድሜ በገዛ እጁ ጽፎ ነው ስሜን ያጠፋው።"

ከዚያ ወዲህ በትንሽ በትንሹ አወጣጣኋት። ትዝ ይልዎት እንደሆን እማዬ ቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ሚስቶች በሙሉ የእሷ ደንበኞች ነበሩ። አንድ ቀን የጠራዡ ሚስት የራሷን ሜትር ይዛ መጣችና ያስቆረጠችውን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለካችው። እማዬ "ምን ሆነሻል?" ስትላት "ከደንበኛ ጨርቅ እየቀነስሽ ለልጅሽ ቀሚስ ትሰፊያለሽ አሉ" አለቻት። "ማን አለ?" "ወንድምሽ። በእጁ ጽፎት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ።" በአራት ወር ውስጥ ደንበኛው ሁሉ ጨርቁን እየያዘ ሄደ። ክፍሏን ዘግታ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ገባች፤ ከዚያም ከተማ ለቀቅን።

"ለምን አልጠየቅሽውም?" አልኳት። "እሱስ ለምን አልጠየቀኝም?" አለችኝ። ለዚህ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ቀሚሱን አስታውሰዋለሁ አጎቴ። ሰማያዊና ነጭ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የተሰፋ ነበር። ኪሱ አጠገብ አንዲት ሐምራዊ አበባ ነበረችው፤ በጣም እወዳት ነበር። እማዬ ከዚያን ቀን በኋላ ዳግመኛ አላለበሰችኝም።

ስለ ባልቴቶቹ የነገርኳት ዕለት ደግሞ መጋረጃውን ወርውራ ተነሣች። "ባልቴቶች? እኔን ያጠፉኝ ምሳ ሰዓት ላይ የተቀመጡ ጢማም ወንዶች ናቸው! ለዚያ ለጠራዥ ንገሪልኝ፣ ቃሉን በጢም ይጀምረው!" አለች። ንገሪልኝ ማለቷን ልብ ይበሉ። በማን በኩል እንደሚነገር አጥታው አይመስለኝም።

አሁን የምጠይቅዎት እኔ ነኝ። ጽፈዋል ወይስ አልጻፉም?

ሚጢጢ

የካቲት 21

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ እጄ ቸኩሏል።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ "በፍጹም አልጻፍኩም" ብዬ መልስ ጀምሬ ነበር። መሐላም ጨምሬበት ነበር። ከዚያ ብዕሬን አስቀመጥኩ። እኔ ያልተረጋገጠ ነገር አላስገባም የምል ሰው አይደለሁም? አልጋዬ ሥር ያሉትን የጫማ ካርቶኖች ሳብኳቸው። ካርዶቹ አንድ ጊዜ ወደ ደብተር ከተገለበጡ በኋላ ያልከፈትኳቸው ናቸው። ደብተሩ ላይ የሰፈረው ደግሞ ፍቺው ብቻ ነው፤ ምሳሌዎቹ ካርቶን ውስጥ ቀርተዋል። በሁለተኛው ቀን "አሉባልታ" የሚለውን ካርድ አገኘሁት።

ጽፌዋለሁ ልጄ። በእጄ፣ በራሴ ቀለም።

እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። ለእያንዳንዱ ቃል ምሳሌ ስፈልግ ዓይኔ ፊት ያለውን ነገር አነሣ ነበር። "ማንኮራፋት" የሚለው ካርድ ላይ አባታችን አሉ። "ዝንጉ" የሚለው ላይ እኔ ራሴ አለሁ። ያን ቀን አንቺ በዚያች ቀሚስ ግቢው ውስጥ ትሯሯጪ ነበር። ፈገግ ብዬ ለ"አሉባልታ" ምሳሌ ፈጠርኩ። ካርዱን እዚህ ጋር አያይዤ ልኬልሻለሁ፤ ፊቱ እንዲህ ይላል፦ "እህቴ ከደንበኞቿ ጨርቅ እየቀነሰች ለልጇ ቀሚስ ትሰፋለች"። እዚያ ላይ ካርዱ አለቀ። የቀረውን እንደ ልማዴ ጀርባው ላይ ጻፍኩት፦ "የሚል አሉባልታ ተነዛ።"

ካርዴን የሚወስድ ሰው ዳር ላይ እንዲፈርም ሕግ ነበረኝ። የዚህ ካርድ ዳር ላይ በማተሚያ ቤታችን የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ ይደረድር የነበረው የፊደል ለቃሚው ፊርማ አለ። ያኔ የናሙና ገጽ ልናወጣ ጥቂት ካርዶች ሰጥቼው ነበር። አሁን ጃንጥላ ይጠግናል፤ ሱቁ ሄጄ ካርዱን ፊቱ ዘረጋሁለት።

"አዎ፣ ትዝ ይለኛል" አለኝ። "ለነጠራዡ ምሳ ላይ አነበብኩላቸው። ወንድሟ ከጻፈውማ እውነት ነው አልን።"

ካርዱን ገለበጥኩለት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው። "ጀርባ ነበረው እንዴ?" አለኝ።

ጀርባ ነበረው እንዴ! ፊቱ ላይ አራት ነጥብ እንደሌለ ሌላው ሰው ባያይ ፊደል ለቃሚ እንዴት አያይም ብዬ ልጮህበት ነበር። ግን አንቺም የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ሦስት ቀን መሳቢያ ከተሻል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ወረቀት ስቆጥብ እህቴን አባከንኩ።

"እሱስ ለምን አልጠየቀኝም?" ላለችው መልሱ ይኸው፦ ፈርቼ ነው። በሯን ስትዘጋ መርፌ ነው ብዬ ማመን ቀለለኝ። ካርዱን ስጫት። ምን እንደምትል ሳታሳምሪው ጻፊልኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 30

ለአጎቴ፣ ለውዱ ለዝንጉው፤

ይቀመጡና ያንብቡ። ከፈለጉ ሻይ ይያዙ፤ ረጅም ነው።

ካርዱን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ የመነጽሩ ሌንስ የኔ ሥራ ነው፣ ፊቱን አነበበች። ፊቷ እንደ በር ተዘጋ። "አየሽ? በእጁ ነው" ብላ ልታስቀምጠው ስትል "እማዬ፣ ገልብጪው" አልኳት። "ምኑን?" "ካርዱን።"

ገለበጠችው። ሦስቷን ቃል አነበበች። መልሳ ፊቱን አየች፣ እንደገና ገለበጠች። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሳቅ ያዛት። እኔ እናቴን እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ መጋረጃ ልትወስድ የመጣችው ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀች። "ሠላሳ አንድ ዓመት!" ትላለች፣ ትስቃለች። "ለሦስት ቃል! ለሦስት ቃል!" በመጨረሻ ዓይኗን በመጋረጃው ጫፍ ጠረገች። መጋረጃው የጎረቤታችን ነው።

አለቀ ብዬ ሳስብ ደግሞ ተቆጣች። "ምሳሌ ጠፍቶ ነው እህቱን? ዶሮ አልነበረም? ጎረቤት አልነበረም?" አለች። ከዚያ የሚቀጥለውን ተናገረች። አጎቴ፣ አሁን ሻይውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።

"ደሞ ከደንበኛ ጨርቅ! ያ ቀሚስ ከምን እንደተሰፋ ያውቃል? ከራሱ ሸሚዞች ነው!"

አራት ሸሚዝ ኮሌታው አልቆ፣ ኮሌታው ተገልብጦ እንዲሰፋ ሰጥተዋት ነበር አሉ። ረሷቸው። ዓመት ጠበቀች፣ አልመጡም። ቆረጠቻቸውና ለእኔ ቀሚስ ሰፋችበት። ያቺ የምወዳት ሐምራዊ አበባ አበባ አልነበረችም። የእርስዎ ብዕር ደረት ኪስዎ ውስጥ ያፈሰሰው ቀለም ነው! ቀሚሱን ሳጥኗ ግርጌ አስቀምጣው ኖሯል፤ አውጥታ አሳየችኝ። ሰባት ዓመቴ ላይ ያየኋት አበባ ዛሬም አለች፣ ትንሽ ደብዝዛለች እንጂ።

ስለ ቃሉ መነሻም ሐሳቧን ሰጥታለች፤ በካርድ ላይ ያስፍሩት። "የቀረው ግማሽ ከየትም ይምጣ፣ የታወቀው ግማሽ ይበቃል። 'አሉ' ይላል። 'አልኩ' ብሎ የሚጀምር ሰው አይቼ አላውቅም። ለዚህ ነው ባለቤት የሌለው" አለች።

ይቅር ብላኛለች ወይ ካሉኝ አላውቅም። ስጠይቃት "መጋረጃ አለብኝ" ትለኛለች። ግን ማታ ማታ ራት ስናቀርብ "ያ ወንድሜ" ማለት ትታ "ወንድሜ" ማለት ጀምራለች።

ሚጢጢ

ሚያዝያ 19

ለሚጢጢ፣ በእሷም በኩል ለእህቴ፤

ሸሚዞቼ! ሸሚዞቼን የሰረቀችኝ ልብስ አጣቢዋ ናት ብዬ ሠላሳ ምናምን ዓመት በሆዴ ይዤባታለሁ፤ በሆዴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ለሁለት ሦስት ሰውም ተናግሬያለሁ። ስለ አሉባልታ መጽሐፍ የምጽፈው ሰውዬ! ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ በዱላዬ እያዘገምኩ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። አርጅታለች፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ነገሩን ከሥሩ ስነግራት ቆይታ "የትኛው ሸሚዝ?" አለችኝ። ሰምታው አታውቅም ነበር። ዳቦ አቅርባልኝ በላሁ፤ ስንስቅ ዋልን።

ጸሐፊዋ "ኘ"ን በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። "አ" ደርሷል። መነሻውን እንዲህ ብዬ አስፍሬዋለሁ፦ "የመጀመሪያው ክፍል 'አሉ' መሆኑ ግልጽ ነው፤ የቀረው እስካሁን አልተረጋገጠም።" ጠራዡ ቅር ብሎታል። አለማወቄን መጻፍ ከመዋሸት ይሻለኛል።

ለእህቴ ይህን አንብቢላት። "አልኩ" ብሎ የሚጀምር ሰው አላየሁም ብላ የለ? አሁን ትየኝ። አልኩ። ፊደል ለቃሚው አይደለም፣ ጠራዡ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያም በርሽ ሲዘጋ አንድ ጊዜ አንኳኩቼ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ናፍቀሽኛል። የሠላሳ አንድ ዓመት ሳቅሽ አምልጦኛል፤ ያንን የሚተካ ካርድ የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ የመጨረሻዬ ነው። "አሉባልታ" ፍቺ አለው፣ መነሻም እንደነገሩ አለው፣ ምሳሌ ግን የለውም። ሌላው ቃል ሁሉ ምሳሌ ተሰጥቶታል። ለዚህኛው እኔ ከእንግዲህ አልጽፍም፤ እጄ እምነት አጥቷል። ምሳሌውን እህቴ ትስጠኝ። ጸሐፊዋን ገጹን ክፍት አድርጊልኝ ብያታለሁ። ባዶ ካርድ አብሬ ልኬያለሁ። ካልላከችልኝ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታተማል።

በዚህ ወረቀት ጀርባ ምንም አልጻፍኩም፤ እንዳትፈልጊ።

አጎትሽ፣ ወንድምሽ

ግንቦት 22

ለአጎቴ፤

የላኩላት ባዶ ካርድ ሦስት ሳምንት የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠ። ስትሰፋ ታየዋለች፣ ክር ስትቀይር ታየዋለች። እኔ እንዳልጠይቃት አፌን ይዤ ኖርኩ፤ ይህ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎም አሁን ሳያውቁ አይቀሩም።

ትናንት ከሥራ ስገባ ካርዱ የለም። "የት አለ?" አልኳት። የተጣበቀ ትንሽ ፖስታ ሰጠችኝና "እንዳለ ላኪው፣ ምሳሌው ያለው እዚያ ነው። አንቺ ታነቢና አስቀድመሽ ትነግሪዋለሽ" አለች። ሐሜት ነው፤ እኔ እንደዚያ አይነት ሰው አይደለሁም። ፖስታውን ብርሃን ላይ ይዤው ነበር፤ ግን ምንም አልታየኝም።

ሲከፍቱት መነጽርዎን ያድርጉ። እባክዎ በደንብ ያንብቡት፣ እንደ አራሚ።

የምትወድዎት
ሚጢጢ

(ከካርዱ ፊት)

አሉባልታ። ምሳሌ፦ እህቱ እስከ መጨረሻው ይቅር አትለውም፣ ደጃፉንም ዳግመኛ አትረግጥም

(ከካርዱ ጀርባ)

የሚል አሉባልታ ተነዛ።

ወንድም ዓለም፣ ሰኔ 14 ከሰዓት በኋላ ከሚጢጢ ጋር እንደርሳለን። ሌላ ሰው እንዳትልክ፣ በሩን ራስህ ክፈት። ኮሌታቸው ያለቀ ሸሚዞችህን አትጣል፤ መርፌ ካንተ፣ እጅ ከእኔ።

እህትህ